የቁልፍ ቀን በድንጋይ ሰፈር

መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ አሠራሩ ግን የተጠማዘዘ አንድ ሀገር ነበር። ስሙን የሚያውቅ በልቡ ይያዘው፤ የማያውቅም አይቸገር፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አንዴ ማየት ይበቃዋል። ያንን ሀገር ባለኮረብታው የሚባል ሰው ከኮረብታው ላይ ሆኖ ይገዛው ነበር። ያየው የለም። ትእዛዙ ግን በየሳምንቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ወደ ታች ይወርዳል።

ባለኮረብታው አብዝቶ የሚወደው ቀጥ ያለ ነገር ነው። ያዘመመ ዛፍ ባላ ይደገፍለታል፤ ካልቀና ይቆረጣል። ጎባጣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ዱላውን ለሹም ያስረክብና ቀጥ ያለው እስኪሰጠው ድረስ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። ሲሰጠው የታየ ሽማግሌ ግን የለም። ሹሞቹም ቀጥ ያሉ ሰዎች መሆናቸው ከሩቅ እንዲታወቅ ረጅም ቆብ ይደፋሉ። ሹመት ሲጨምር ቆብ ይረዝማል፤ ተራው ጸሐፊ አንድ ክንድ፣ ዋናው ሹም ሦስት ክንድ። ቆብ የደፋ ሰው ጎንበስ ማለት፣ ቆቡንም በሰው ፊት ማውለቅ በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ በዚያ ሀገር ሹም ድሀ ቤት ገብቶ አያውቅም። ክፉ ሆኖ ነው አይባልም፤ በሩ አያስገባውም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ሕዝብ ሲቆጠር ቆጣሪ አይጠይቅም፣ ተቆጣሪም አይናገርም። ድሮ ድሮ ቆጣሪዎቹ «ስምህ ማነው? ቤትህ ስንት ሰው አለ?» ይሉ ነበር አሉ። ሰዉ መልሶ «እናንተስ ለምን ፈለጋችሁት?» ማለት ጀመረ። ጥያቄ ጥያቄ እየወለደ ኮረብታው ድረስ ሲወጣ ባለኮረብታው እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ወዲህ የመዝገብ ሥራ ሁሉ በዝምታ ሆነ።

ከከተማዋ ጫፍ የድንጋይ ሰፈር ይገኛል። መቃብር ነበር። መጀመሪያ ቆፋሪው አካፋውን ይዞ መጣና ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ አንዲት ዳስ ጣለ። ድንጋይ ጠራቢው ከጎኑ አረፈ። አልቃሿም ዛሬ አልቅሼ ነገ ልጠራ ለምን እመላለሳለሁ ብላ ቀረች። ቀጥሎ ከተማው ውስጥ ያልተመቸው፣ የተባረረ፣ የተገፋ ሁሉ ወደዚያው ተሰበሰበ፤ ሙታን ሰው አያባርሩም። እንዲህ እንዲህ ሲል ቤቱ በመቃብሩ መሃል፣ መቃብሩም በቤቱ መሃል ሆነ። የአንዱ ጓዳ የሌላው ራስጌ ነው። ልብስ ታጥቦ ድንጋዩ ላይ ይሰጣል፣ ልጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ፊደልም የሚቆጠረው ከድንጋዩ ላይ ነው። የከተማው ሰው ግን ይጠየፋቸዋል። ባለሱቁ ጨው ሲሸጥላቸው መዳፋቸውን እንዳይነካ መሬት ላይ ያስቀምጥላቸዋል። «የሬሳ ጎረቤቶች» ነው የሚላቸው።

እነሱ ደግሞ እሱን ይንቁታል። የከተማው ሰው የአያቱን አባት የት እንደተቀበረ አያውቅም። በድንጋይ ሰፈር ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ጠባቂ አለው፤ ዘመድም ይሁን ባዳ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ የስም ቀን ይሆናል። ሰፈሩ ተሰብስቦ በቆመበት የሙታኑ ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ ጠባቂውም በሟቹ ፈንታ «አለሁ» ይላል። መልስ ያጣ ድንጋይ ከተገኘ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠባቂ ይፈለግለታል። የሰፈሩ ሰው የሚፈራው መሞቱን አይደለም፤ ተጠርቶ አለሁ የሚልለት ማጣቱን ነው።

ስም ጠሪዋ ማንጠግቦሽ ነበረች። መቶ አርባ ሰባት ስም በቃሏ ትጠራለች፤ ተደናቅፋ አታውቅም። ፊደል ላይ ግን አልሄደችም። ገና «ሐ» ላይ ስትደርስ እናቷ ውሃ ቅጂ ብላ ጠራቻት፤ በዚያው ቀረች። «ፊደል ለሚረሳ ሰው ነው» ትላለች ሲነኳት። ከድንጋዮቹ ሁሉ ጽሑፍ የሌለበት አንድ ብቻ ነው፤ የሷ ልጅ የትርንጎ። ትርንጎ በሰባት ዓመቷ በንዳድ ሞተች፤ ድንጋይ ጠራቢውም በዚያው ሳምንት በዚያው ንዳድ ሞተ። ከሱ በኋላ መጥረብ የሚችል ሰው አልተገኘም። በስም ቀን ማንጠግቦሽ ትርንጎን መጨረሻ ላይ ትጠራና ከቆመችበት ጉቶ ወርዳ ራሷ «አለሁ» ትላለች። ያን ጊዜ ሰው ወደሷ አያይም።

አንድ ቀን የኮረብታው ለፋፊ መጣ። ጥሩምባውን ነፍቶ እንዲህ አለ፦ «የድንጋይ ሰፈር ይፈርሳል። በቦታው ባለ አራት ፎቅ፣ ውሃ በቧንቧ የሚገባለት፣ መስኮቱ ከመስኮት የማይለይ ዘመናዊ የመኖሪያ ግቢ ይሠራል። በመዝገብ የገባ ቤት ያገኛል፤ ከዚያ መሬትም ማንም እንዳያነሣው የኮረብታው ማኅተም ይጠብቀዋል። በመዝገብ ያልገባ ወንዙን ተሻግሮ ነፋስ ሜዳ ይሰፍራል። ቆጠራው የፊታችን ሐሙስ ነው።»

ነፋስ ሜዳን የሚያውቀው ያውቀዋል። ጣሪያ የማይቆምበት፣ ዘር የማይዝበት ቦታ ነው። ሰዉ ግን አልደነገጠም። ሐሙስ ይቆጠራል፣ አለቀ።

ማንጠግቦሽ ማክሰኞ ጠዋት ለማጥቆሪያ የሚሆን ከሰል ወቅጣ፣ በዘይት ለውሳ፣ አመድና ቅጠል ይዛ ወጣች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አጠበች። ከዚያ በቀጭን እንጨት ከሰሉን በፊደሉ ውስጥ እየከተተች ከሩቅ እንዲነበብ አጠቆረችው። ፊደሉን አታውቀውም፤ በጣቷ ግን መንገዱን ትከተላለች።

አያ ሽበሺ፣ ሽማግሌው መቃብር ቆፋሪ፣ አካፋውን ተደግፎ ያያታል። «አንቺ ማንጠግቦሽ፣ እኔ ፊቴን ከታጠብኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እነሱን ስትጨርሺ ወደኔ ብትመጪ ምን አለ?»

«አንተ ገና አልተቀበርክም። ተራህን ጠብቅ።»

«ለቆጣሪ ነው ይህ ሁሉ?»

«የኮረብታ ሹም በዚህ ሰፈር እግሩን ሲያሳርፍ ይህ የመጀመሪያው ነው» አለች። «የኛ ሰዎች አቧራ ለብሰው አይጠብቁትም።» የኛ ሰዎች የምትለው ሙታኑን ነው።

ሐሙስ ዕለት ሹም ጓንጉል ከነጸሐፊው መጣ። ጓንጉል የመስመር ሹም ነው፤ ቆቡ ሦስት ክንድ፣ ፈገግታው ደግሞ ከቆቡ የረዘመ። ጸሐፊው በሪሁን የሚባል ቀጭን ሰው ነው፤ ቆቡ አንድ ክንድ፣ እሱም በነፋስ ይወዛወዛል። የሰፈሩ ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ በሕጉ መሠረት አፉን ዘግቶ በየደጃፉ ቆመ። ሹሙ ወደ መጀመሪያው ቤት ተጠጋ፤ በሩን አየ፣ ቆቡን በእጁ ለካ፣ ተመለሰ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ዞር ሲል ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ፊደሉ ጥቁርቁር ብሎ የቆመ ድንጋይ አየ። ለበሪሁን በጣቱ አሳየው። በሪሁን ጻፈ። ወደ ቀጣዩ ድንጋይ ሄዱ፤ ጻፈ።

ማንጠግቦሽ በኩራት ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ። ድካሟን የሚያነብላት ሰው ተገኘ። ሰዎቹ በእግራቸው የቆሙትን ሳያዩ በጀርባቸው የተኙትን ብቻ እየጻፉ እንደሆነ ያን ጊዜ አላየችም። ኩራት ሰውን የቱን ያህል እንደሚያሳውር ኋላ ነው የገባት።

በሪሁን ከትርንጎ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጽሑፍ የለበትም። ብዕሩን አገላብጦ ዓይኑን አነሣና ማንጠግቦሽን አያት። አፉን ከፈት አደረገ። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ፤ በሪሁን አፉን ዘጋ።

«ትርንጎ ትባላለች» አለች ማንጠግቦሽ በሹክሹክታ፣ ሕጉን ጥሳ።

የተናገሩት አይጻፍም፤ የታየ ብቻ ነው የሚጻፍ። በሪሁን ዓይኑን ሰብሮ የሆነ ነገር ጻፈና አለፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የስም ዝርዝሩ ከሰፈሩ መግቢያ ካለው ዋርካ ላይ ተለጠፈ። የምታነበው አጀቡሽ ናት፤ ልብስ አጣቢ ናት፣ ፊደል የቆጠረችው ልብስ ከምታሰጣባቸው ድንጋዮች ላይ ነው። አንዴ አየችው፣ ሁለቴ አየችው፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት ለማንጠግቦሽ። «የኔ ባሻ እንግዳሸት፣ ከሞቱ መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ ባለ ሁለት ክፍል ወጥቶላቸዋል። አራተኛ ፎቅ። ቁርጥማት ነበረባቸው አሉ፤ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ሊወጡት ነው?»

ሰዉም ሳቀ። «የኔስ?» «የኔዋስ?» ተባለ። አጀቡሽ እያነበበች ወረደች፤ ሳቁም አብሯት እየወረደ ሄደ። እስከ ታች ድረስ በሕይወት ያለ ሰው አንድም አልነበረም። ሙታኑ ቤት ወጥቶላቸዋል፤ ኗሪዎቹ ነፋስ ሜዳ ናቸው።

ማንም ማንጠግቦሽን አልተሳደበም። ቢሰድቧት ትመልስ ነበር፣ መልስ አይቸግራትም። አዩዋት እንጂ። አያ ሽበሺ ብቻ አካፋውን ከትከሻው አውርዶ «ፊደሉን ባታጠቁሪው ኖሮ ምን ያነቡት ነበር?» አለ። እሷም ያንን ቃል ይዛ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ሹም ጓንጉል ዘንድ ሄደች። ቢሮው ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ሰው እዚያ ሲገባ ሕፃን ያህላል፤ የተሠራውም ለዚያው ነው።

«ጌታው፣ መዝገባችሁ ተሳስቷል። የጻፋችኋቸው ሙታን ናቸው።»

ጓንጉል ፈገግታውን አወጣ። «እማማ፣ ይቀመጡ። መዝገቡ ሞተዋል ይላል?»

«እሱ አይልም። እኔ ነኝ የምል።»

«እርስዎ መዝገብ ነዎት?»

«በቃል ከሆነ ከናንተው መዝገብ እበልጣለሁ።»

«ይስሙኝ እማማ፤ ይህ ማኅተም ያረፈበት ነው። ተሳሳተ ካሉ ኮረብታው ተሳሳተ ማለትዎ ነው። ይህን ሊሉ ነው ከቤትዎ የወጡት?»

«ኧረ እኔ ከኮረብታ ጋር ምን አለኝ። ባለቤቶቹ ካልመጡ ቤቱ ምን ይሆናል ልልዎት ነው እንጂ።»

ጓንጉል ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እሱ ሕግ አለው። በቁልፉ ቀን ስም ይጠራል። የተጻፈ ሁሉ ይጠራል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አለሁ ያላለ ሰው ቤቱ ለጠሪው መሥሪያ ቤት ገቢ ይሆናል።»

«አለሁ ያለስ?»

«አለሁ ያለማ አለ። ቁልፉን ይወስዳል።»

«ማን ነህ አይባልም?»

«ጠሪ አይጠይቅም፤ የመዝገብ ሥራ በዝምታ ነው» አለና ሳቀ። የሚፈራው ነገር አልነበረውም፤ የሞተ ሰው አለሁ ሲል ሰምቶ አያውቅም።

ማንጠግቦሽ አመስግና ወጣች። ከግቢው አናጢዎች ሳንቃ ይልጋሉ። ከግድግዳው የተደገፉ በሮች አየች፤ ቁመታቸው ሰው በሰው ላይ የቆመ ያህላል።

«ወንድሜ፣ ይህ የምን በር ነው?» አለችው አንዱን አናጢ።

«የድንጋይ ሰፈር ፎቅ በር ነው እማማ።»

«የኛ ሰፈር? እኛ ዘንድ ረጅሙ ሰው አያ ሽበሺ ነው፤ እሱም ጎብጧል።»

አናጢው ትከሻውን ሰበቀ። «ልኩ ከላይ ነው የመጣ። ከሰው ራስ ሦስት ክንድ ወደ ላይ ብለው ነው የሰጡን።»

ማንጠግቦሽ እዚያው ቆመች። ሦስት ክንድ። ፊደል ላይ አልሄደችም እንጂ ክንድ መለካት ማን ያስተምራታል? በሩ የተለካው በቆብ ነው። እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ሹሙ ድንጋዩን በጣቱ ያሳየው ተሳስቶ አልነበረም። አለሁ የማይል ሰው ፈልጎ ነው።

ቤቷ ስትደርስ ለለቅሶ የሚጠራበትን ቆርቆሮ መታች፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጉቶው ላይ ወጣች።

«ፊደሉን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደግሜ አልናገረውም፣ አንድ ጊዜ ሰምታችኋል። አሁን ስሙኝ። በቁልፉ ቀን ስም ሲጠራ በየዓመቱ የምታደርጉትን ታደርጋላችሁ። ሌላ ምንም አልጨምርባችሁም።»

ሰዉ ተያየ። አጀቡሽ ቀድሞ ገባት። «ባሻ እንግዳሸት ሲባል እኔ አለሁ ልል? ጢም ላበቅል ነው እትዬ?»

«ጢም አይጠይቁም። ጠሪ አይጠይቅም ብሏል በገዛ አፉ።»

«ከዚያስ በወረቀት እድሜ ልኬን ባሻ ሆኜ ልቀር?»

«በወረቀት እስከ ዛሬ ምን ነበርሽ?»

አጀቡሽ አሰበችና «ምንም» አለች። «ባሻ ይሻላል።»

አያ ሽበሺ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ይህን አልወደድኩትም። በስም ቀን አለሁ የምንለው ለነሱ ብለን ነው። ለቤት ብለን ካልነው ይታዘቡናል።» ብዙዎች በልባቸው ያለውን ነው የተናገረላቸው፤ ጉርምርምታው ተነሣ።

ማንጠግቦሽ ከጉቶው ሳትወርድ «የማን ጠባቂ ነህ አያ ሽበሺ?» አለችው።

«የወይዘሮ ውብዓለም።»

«ስንት ዓመት?»

«አርባ።»

«ነገ ነፋስ ሜዳ ስትሄድ በስም ቀን ውብዓለም ስትጠራ ማን ሊመልስላት ነው? ጓንጉል?»

ሽበሺ አካፋውን አንሥቶ ሄደ፤ እምቢም እሺም ሳይል።

ሰዉ ሲበተን አጀቡሽ ወደኋላ ቀረች። «እትዬ፣ አንቺስ? የሁላችን ድንጋይ ጽሑፍ አለው። ትርንጎ ግን ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ አይቻለሁ። መጨረሻው ላይ ያለውን እንኳ ላንብብልሽ አልወደድኩም።»

«ምን ይላል?»

አጀቡሽ ነገረቻት።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «የኔን ተዪው» አለች። «መጀመሪያ እነዚህን ላስገባ።» አንዲት ሴት ብቻዋን ወንዝ ስትሻገር፣ ልጇም ከኋላዋ ያለ ጠባቂ ስትቀር ማሰብ ግን ከባድ ነው፤ ያንን የፎቁ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ብቻዋን አሰበችው።

ፎቁ ተሠራ። አራት ሕንፃ በአራት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ ድንጋዮቹ፤ እነሱ የሚነሡት ከቁልፉ ቀን በኋላ ነው ተብሏል። ሰዉም ነፋስ ሜዳ የሚሄደው ያን ጊዜ ስለሆነ እስከዚያው በላስቲክ ዳስ ውስጥ ሆኖ መስኮት ከመስኮት በላይ ሲደረደር አየ። ውሃ በቧንቧ ሲመጣም አየ፣ እጁን ግን ማስገባት አልተፈቀደለትም።

የቁልፉ ቀን ደረሰ። ከመድረኩ ላይ ሹም ጓንጉል፣ ከጎኑ በሪሁን መዝገቡን ይዞ፣ ከኋላቸው ደግሞ ከኮረብታው የተላከ ታዛቢ ቆሟል፤ ቆቡ ከዋናው ሹም እንኳ በልጦ አራት ክንድ ስለሆነ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ በዘንግ ይደግፉለታል። ከግቢው በር ውጭ በጋሪ የተጫነ ቁም ሣጥንና አልጋ ተሰልፏል። የሹሞቹ ዕቃ ነው። ሚስቶቻቸው መጋረጃ ሳይቀር ለክተው መጥተዋል።

ጓንጉል ጀመረ። «ወይዘሮ ውብዓለም።»

ዝም።

«ወይዘሮ ውብዓለም» ለሁለተኛ ጊዜ። ከጋሪዎቹ አንዱ ትንሽ ወደፊት ፈቀቅ አለ።

ሰዉ ሁሉ አያ ሽበሺን ያያል። ማንጠግቦሽ ግን አላየችውም። የውብዓለምን ድንጋይ ነበር የምታየው። ሽበሺም ዓይኗን ተከትሎ ወደ ድንጋዩ አየ። አርባ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ የመለሰላት ሴት ናት፤ ዛሬ በአደባባይ ተጠርታ መልስ ልታጣ ነው።

«ወይዘሮ ውብ...»

«አለሁ» አለ ሽበሺ። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነዋ የተናገረ።

ጓንጉል ጢሙን አየ። አካፋውን አየ። ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ከኋላው የታዛቢው ዘንግ መድረኩን ኳ አደረገ። አፉን ዘጋ። በሪሁን ብዕሩን ነከረና «አለች» ብሎ ጻፈ። ቁልፉ ተሰጠ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። «ባሻ እንግዳሸት።» «አለሁ» አለች አጀቡሽ፣ ደረቷን ነፍታ። ባል የሌላት ለሊቀ ካህን መለሰች፣ ሽማግሌው ለጨቅላ ሕፃን መለሰ፣ ሚስት ለማታውቀው ወታደር። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። አንድ ቁልፍ በተሰጠ ቁጥር ከበሩ ውጭ አንድ ጋሪ ፊቱን ያዞራል። የሹሞቹ ሚስቶች ባሎቻቸውን ያያሉ፤ ባሎቻቸው ጓንጉልን ያያሉ፤ ጓንጉል መዝገቡን ያያል፤ ላቡ ከቆቡ ሥር ይወርዳል፣ አውልቆ እንዳይጠርገው ክልክል ነው።

አንድ ቁልፍ ብቻ ሰሌዳው ላይ ሲቀር ጓንጉል መዝገቡን ዘጋ። «አበቃ» አለ።

«አላበቃም ጌታው» አለች ማንጠግቦሽ፣ ከሰዉ መሃል ሳትወጣ። «መቶ አርባ ስድስት ነው የጠሩት። በቃል ከሆነ እበልጣለሁ ብዬዎት ነበር።»

«የቀረው ስም አይደለም እማማ።»

«የተጻፈ ሁሉ ይጠራል ነው ያሉኝ። ወይስ መዝገቡ ተሳስቷል ሊሉ ነው?»

የታዛቢው ዘንግ ኳ አለ። በሪሁን መዝገቡን ራሱ ከፈተና የመጨረሻውን መስመር በጣቱ ይዞ ለሹሙ አቀረበለት። ጓንጉል ለጆሮው ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ስም የሌለው ድንጋይ» አለ።

ማንጠግቦሽ ዝም አለች። አጀቡሽ በክርኗ ጎሰመቻት፤ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛውን እንዲጠራ ጠበቀችው።

«ስም የሌለው ድንጋይ» አለ ጓንጉል፤ አሁን ሁሉም ሰማ። አሁንም ዝም አለች። ሦስተኛውን ከጋሪው ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ፈልጋለች። እሱም ይህን ቤት እንኳ አገኘሁ ብሎ መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራው። «ስም የሌለው ድንጋይ።»

«አለሁ» አለች ማንጠግቦሽ። በየዓመቱ እንደምትለው፣ አንድም ሳትጨምር።

ሄዳ ቁልፉን ከሰሌዳው ላይ ራሷ አነሣችው። ጓንጉል የቀረችውን ፈገግታ ሰብስቦ «እንግዲህ እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። «ድንጋዮቹ ግን ነገ ጠዋት ተነሥተው ወንዙን ይሻገራሉ።»

«ወዴት?» አለች። «በመዝገብ የገቡት እነሱ አይደሉም እንዴ? በመዝገብ የገባን ማንም እንዳያነሣው ማኅተም ይጠብቀዋል ብሎ የለፈፈው የናንተው ሰው ነው። ካነሣችኋቸው መዝገቡን አነሣችሁት።»

ጓንጉል ወደ ታዛቢው ዞረ። ታዛቢው አንገቱን መነቅነቅ ስለማይችል ዘንግ ያዦቹ ቆቡን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው ወዘወዙለት። እሺ ማለቱ ነው። በወሩ የጓንጉል ቆብ በግማሽ ተቆረጠና ነፋስ ሜዳን እንዲቆጥር ተሾመ። ዛሬም ይቆጥራል ይባላል፤ ነፋስ ያልቃል እንዴ።

የድንጋይ ሰፈር እንዲህ ነው ፎቅ የሆነው። መሃሉ ላይ ሣር በቅሏል፤ በሣሩ ውስጥ ድንጋዮቹ አሉ፤ ልጆች እንደ ድሮው ፊደል ይቆጥሩባቸዋል። ትናንት ጨው መሬት ላይ ያስቀምጥላቸው የነበረው ባለሱቅ ዛሬ አንዲት ክፍል ታከራዩኛላችሁ ወይ እያለ እጃቸውን ይዞ አይለቅም። ደብዳቤ አመላላሽ ከታች ሆኖ «ባሻ እንግዳሸት» ብሎ ሲጣራ አጀቡሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከአራተኛ ፎቅ ትመልሳለች። ጉዳቱም አልቀረም፤ አያ ሽበሺ ሲሞት መዝገብ ቤቱ ሞቱን አልጽፍም አለ፣ በወረቀት የሚኖሩት ወይዘሮ ውብዓለም ናቸዋ። ሰፈሩም ወረቀቱን ትቶ በመሃሉ ሣር ቀበረው፣ ከውብዓለም ጎን። አጀቡሽ ለሁለቱም ትመልሳለች።

በየበሩ ላይ በመዝገቡ እንዳለው ስም እንዲጻፍ ታዝዞ ነበር። የኮረብታው ሠዓሊ መጥቶ መቶ አርባ ስድስቱን በጥቁር ቀለም ጻፈ፤ በማንጠግቦሽ በር ላይ «ስም የሌለው ድንጋይ» ብሎ ጽፎ ሄደ። እሷ ማንበብ አትችልም፣ ግን የተጻፈውን ታውቃለች። በነጠላ ሸፈነችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። በሪሁን ነው። ቆብ የለውም፤ ራሱ ላይ ፀጉሩ የተኛበት ምልክት ብቻ ቀርቷል። በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በሌላው የቀለም ጣሳ ይዟል። በሩ ቁመቱ የሱን ሁለት እጥፍ ነው፤ ሲገባ ግን ጎንበስ አለ።

«ቆብህ የት ሄደ ልጄ?»

«ተውኩት እማማ። ያን መስመር በጣቴ ካሳየሁ በኋላ አልተመቸኝም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ?»

በሪሁን ነጠላውን ገለጥ አደረገና የገዛ እጁ ጽሑፍ የወለደውን አየ። «መዝገቡ የኮረብታው ነው» አለ። «በሩ ግን የእርስዎ ነው።» በዚያ ሀገር ከዝምታው ሕግ ወዲህ ከቆጣሪ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ሊያወጣ እንደሆነ ያስታውቃል። «ያን ቀን በሹክሹክታ ነግረውኝ ነበር፤ እንዳልሰማ ሆንኩ። ልጅዎ ስሟ ማን ነበር?»

ማንጠግቦሽ ነገረችው።

በሪሁን የድሮውን ጠርጎ አጠፋ፣ አዲሱን ጻፈ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ። እሷም ጣቷን በእርጥቡ ፊደል አጠገብ አድርጋ፣ ሳትነካው፣ መንገዱን ተከተለችው።

«አንብብልኝ» አለች።

«ትርንጎ» አለ በሪሁን።

«አለሁ» አለች።